ቦርድህ አልተቃጠለም፤ 26 የነበረው ፒን 538 ሆኖብህ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ራስፕቤሪ ፓይ 4 (ትንሿ ኮምፒውተር) ላይ ባለ ሦስት ሪሌይ (በፒን ትዕዛዝ የሚበራና የሚጠፋ ስዊች) ቦርድ ሰክቼ የቤታችንን የውሃ ፓምፕ አዝበታለሁ። ሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ስዊች ፒን 17 ላይ ነው፣ ሪሌዮቹ 26፣ 20 እና 21 ላይ ናቸው። ኮዱ በኖድ ጄኤስ፣ ላይብረሪው ኦንኦፍ። ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ሲሠራ ነበር። ሜሞሪ ካርዱ ሲበላሽ አዲስ ካርድ ላይ አዲሱን ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ጫንኩና ያንኑ ኮድ መለስኩ። አሁን ገና ሲጀምር ኢኢንቫል፣ ኢንቫሊድ አርጊዩመንት፣ ራይት ይልና ይቆማል። በሱዶም (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ያው ነው። ፕሮክ ውስጥ መኖር ያለበት የሃት (ፓይ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ቦርድ) ፎልደርም የለም። ቦርዱ ተቃጥሎ ይሆን? ሌላ ልግዛ?»

ሰላም ወንድሜ፣

አትግዛ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚሆንብህ። አዲስ ቦርድ ብትሰካም ይሄው ስህተት እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ያየኸው መልእክት ከቦርዱ የመጣ አይደለም፣ ሊመጣም አይችልም።

ለምን መሰለህ፣ ሪሌይ ቦርድ መልስ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። ሙቀት እንደሚለካ ወይም ሰዓት እንደሚይዝ ቦርድ ከፓዩ ጋር አያወራም። ፒኑን ከፍ ዝቅ ታደርጋለህ፣ ሪሌዩ ቀጭ ይላል ወይም አይልም፣ በቃ። ሪሌዩ ከሰል ቢሆን እንኳ ፕሮግራምህ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ደስ ብሎት «ፓምፑ ተነስቷል» ብሎ ይጽፍልሃል። ማረጋገጥ ከፈለግክ ፓዩን አጥፋ፣ ቦርዱን ንቀል፣ ባዶውን ፓይ አስነሳና ኮዱን አስኪደው። ያው ኢኢንቫል ይመጣል። ቦርዱ በሌለበት ለመጣ ስህተት ቦርዱን መክሰስ አይቻልም።

በነገራችን ላይ ከስልክ በአማርኛ ኪቦርድ ስለምጽፍ ትዕዛዞቹንም በፊደላችን ነው የማስቀምጣቸው። ተርሚናል ላይ ስትጽፍ በላቲን ፊደል ጻፋቸው፣ አነባበባቸው ያው ነው።

አሁን ስህተቱን ማን እንዳወጣው እንይ። ኖድ ሲወድቅ ከዋናው መልእክት ስር ትንንሽ መስመሮች ያትማል፤ አብዛኛው ሰው ሳያነባቸው ያልፋል፣ ጉዳዩ ግን እዚያ ነው ያለው። ኤርኖ -22፣ ኮድ ኢኢንቫል፣ ሲስኮል ራይት ይላል። ይህም ኖድ አንድ ፋይል ላይ ሊጽፍ ሞክሮ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) «የሰጠኸኝ ነገር አይሆንም» ብሎ መልሶታል ማለት ነው። ችግሩ የፈቃድ ቢሆን ኢአክሰስ፣ -13 ይል ነበር፤ ሱዶ ምንም ያልፈየደልህም ለዚህ ነው። ፒኑን ሌላ ነገር ይዞት ቢሆን ደግሞ ኢቢዚ፣ -16 ታይ ነበር። ያንተ ከሁለቱም አይደለም። ፈቃዱ አለህ፣ ፒኑን የያዘው የለም፣ ግን የጠራኸው ቁጥር የለም።

ፋይሉ የቱ ነው? ኦንኦፍ ፒን ሲከፍት /ሲስ/ክላስ/ጂፒአይኦ/ኤክስፖርት የሚባል ፋይል ላይ የፒኑን ቁጥር ይጽፋል። አንተ 26 ስላልከው 26 ብሎ ጻፈ። ድሮ ይሄ ይሠራ ነበር፣ ምክንያቱም የፓዩ ዋና ቺፕ ፒኖች በሊኑክስ አጠቃላይ ቆጠራ ከ0 ነበር የሚጀምሩት። የቺፑ 26ኛ እና የሊኑክስ 26ኛ አንድ ሆነው ገጠሙ። ማንም ቃል አልገባልንም ነበር፣ እንዲያው በለስ ቀንቶን ነው። ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ በ2024 መጋቢት አካባቢ ወደ ከርነል 6.6 ሲሻገር ግን ቆጠራው ከ512 እንዲጀምር ተደረገ። ፓይ 4 ላይ የዋናው ቺፕ ፒኖች አሁን ከ512 እስከ 569 ናቸው። 26 የሚባል ቁጥር በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከርነሉ -22 ብሎ መለሰልህ፣ ልክም ነው።

ይሄ ነገር ድንገት የመጣ እንዳይመስልህ። ያ የቆየው የሲስ መንገድ ሊኑክስ 4.8 ሲወጣ በ2016 ነው ጊዜው እንዳለፈ የተነገረው፣ ምትኩም ያኔውኑ አብሮ መጥቷል። የኛ የጃቫስክሪፕት ሰፈር ግን «እየሠራ ያለ ነገር አይነካም» ብሎ ተኛ። አሮጌ ትምህርቶችና ቪዲዮዎች አሁንም 26 ብላችሁ ጻፉ ይላሉ፤ ሰው እየገለበጠ ይወድቃል፣ ከዚያ ቦርድ ይገዛል።

በዓይንህ ማየት ትችላለህ። «ሱዶ ካት /ሲስ/ከርነል/ዲበግ/ጂፒአይኦ» በለው። መጀመሪያ ላይ ጂፒአይኦቺፕ0፣ ከ512-569፣ ፒንሲቲአርኤል-ቢሲኤም2711 የሚል መስመር ታያለህ። ወረድ ስትል ጂፒአይኦ-538 የሚል አለ፣ አጠገቡም ጂፒአይኦ26 የሚል ስም። ፒንህ እሱ ነው። 20 ደግሞ 532 ሆኗል፣ 21 ወደ 533፣ የተንሳፋፊው 17 ወደ 529። ሁሉም ላይ 512 ደምር።

ኮዱን ከመንካትህ በፊት ግን ቦርዱን ለብቻው እንፈትነው፤ ጃቫስክሪፕት በሌለበት። የፓምፑን ገመድ ከሪሌዩ ንቀል፣ 220 ቮልቱን ከብሬከሩ አጥፍተህ ማለቴ ነው፣ ይሄን አትለፈው። ከዚያ «ፒንሲቲአርኤል ሴት 26 ኦፒ ዲኤል» በል። የመጀመሪያው ሪሌይ ቀጭ ብሎ መብራቱ ከበራ ቦርዱ፣ ኮይሉ፣ የፒኑ መስመርና 5 ቮልቱ በአንድ ጊዜ ተፈተኑ። «ፒንሲቲአርኤል ሴት 26 ኦፒ ዲኤች» ስትለው ይለቃል። እዚህ ጋ 26 ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ ይሄ ትዕዛዝ በቀጥታ በቺፑ ቁጥር ነው የሚሠራው፣ የሊኑክስ ቆጠራ አይመለከተውም። በ20 እና በ21ም ድገመው።

ቀጭ ካላለ ደግሞ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው፣ ኮዱን አትንካ። ቦርዱ እስከ ታች ገብቶ መቀመጡን እይ፤ እነዚህ ሦስት ፒኖች የማገናኛው ጫፍ ላይ ናቸው፣ በማገናኛው ላይ ሲቆጠሩ ቁጥራቸው 37፣ 38 እና 40። ቦርዱ በዚያ በኩል ትንሽ ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚለቁት እነሱ ናቸው። ቦርዱ ላይ ትንንሽ ጃምፐሮች ካሉም ስታጸዳ ወይም ስትነቅል አንዱ ወልቆ እንደሆነ ተመልከት።

ቀጭ አለ? እንግዲህ የቀረው እዳው ገብስ ነው። ለዛሬ ማታ ውሃ እንዲገባላችሁ ከፈለግክ ኮዱ ውስጥ 26ን 538፣ 20ን 532፣ 21ን 533፣ 17ን 529 አድርግና አስኪደው። ይሠራል። እንደዚሁ ትተኸው እንድትሄድ ግን አልመክርህም። ነገ ፓይ 5 ብትገዛ እዚያ ፒኖቹን የሚይዘው አርፒ1 የሚባል ሌላ ቺፕ ነው፣ መነሻውም 512 አይደለም፤ በዚያ ላይ ከአንዱ ከርነል ወደ ሌላው ሲቀየር ታይቷል። ቁጥር በእጅ ጽፎ መተው ያንኑ ጉድጓድ እንደገና መቆፈር ነው።

የሚሻለው ፕሮግራሙ መነሻውን ራሱ ጠይቆ እንዲያገኝ ማድረግ ነው፣ አሥር መስመር አይሞላም። በኤፍኤስ ሞጁል /ሲስ/ክላስ/ጂፒአይኦ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ስሞች አንብብ። በጂፒአይኦቺፕ የሚጀምሩትን ብቻ ያዝ። እያንዳንዳቸው ውስጥ ሌብል እና ቤዝ የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ። ሌብሉ ፒንሲቲአርኤል-ቢሲኤም2711 የሆነውን ፈልግ፤ ፓይ 3 ከሆነ መጨረሻው ቢሲኤም2835 ነው፣ ፓይ 5 ከሆነ አርፒ1። ከተገኘው ውስጥ ቤዝን አንብበህ ወደ ቁጥር ቀይረውና አስቀምጠው። ከዚያ ፒን የሚባል አጭር ፈንክሽን ጻፍ፤ 26 ስትሰጠው ቤዝ ሲደመር 26 ይመልሳል። ፋይሉ ሲነበብ መጨረሻው ላይ የመስመር መቁረጫ ስለሚኖረው ትሪም አድርገህ ወደ ቁጥር ካልቀየርከው ጃቫስክሪፕት ሁለቱን እንደ ጽሑፍ ያጣብቃቸውና 51226 የሚል ጉድ ያመጣልሃል። ያኔም የምታየው ኢኢንቫል ነው፣ ግን በሌላ ምክንያት። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያገኘውን ቤዝ በኮንሶል ሎግ እንዲያሳይህ አድርግ።

ከዚህ የተሻለ ዘላቂ መንገድ ከፈለግክ ሊብጂፒአይኦዲ በሚባለው አዲሱ መንገድ የሚሠራ የኖድ ላይብረሪ መጠቀም ነው፤ እዚያ ቺፑንና የቺፑን ቁጥር ለየብቻ ትሰጣለህ፣ 26 መልሶ 26 ይሆናል። ላንተ ሦስት ሪሌይና አንድ ስዊች ግን ዛሬውኑ ሁሉን ገልብጠህ መጻፍ አለብህ አልልም። ፒግፒዮ የሚባለውን ማንም ቢመክርህ ፓይ 4 ላይ ይሠራል፣ ፓይ 5 ላይ አይሠራም፣ ያንን አውቀህ ግባ።

ስለ ሃት ፎልደሩ፦ መጥፋቱ ምንም ማለት አይደለም። በ2014 በወጣው የሃት ደንብ መሠረት ቦርዱ ላይ ስሙን የያዘች ትንሽ ኢኢፕሮም (የማስታወሻ ቺፕ) ትኖራለች፣ ፓዩ ሲነሳ በማገናኛው ላይ ሲቆጠር 27ኛ እና 28ኛ በሆኑት ፒኖች በኩል ያነባታል። ርካሽ ሪሌይ ቦርዶች ብዙዎቹ ኢኢፕሮሟን አይጨምሩም። ከዱሮም አልነበረችም ይሆናል፤ ያኔ አላየኸውም እንጂ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጣጣ ልምጣ። ኢኢንቫሉ ሲጠፋ «ገና ፕሮግራሙ ሲነሳ ፓምፑ ለአፍታ ይነሳል» ወይም «ተንሳፋፊው ዝም ብሎ ይቀባጥራል» ብለህ እንደምትመለስ እገምታለሁ። ሁለቱም ከአሮጌው ካርድ ጋር አብረው የሄዱ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው። ያንተ ዓይነት ቦርድ በዝቅተኛ ነው የሚበራው፣ ማለትም ፒኑ 0 ሲሆን ሪሌዩ ይይዛል፣ 1 ሲሆን ይለቃል። ቅድም በዲኤል ቀጭ ያለው ለዚህ ነው። ኦንኦፍ ላይ ፒን ስትከፍት «አውት» ካልከው ከርነሉ ፒኑን ውጪ ሲያደርገው በ0 ይጀምረዋል። አንተ ቀጥለህ 1 እስክትጽፍ ድረስ ባለችው ቅጽበት ሪሌዩ ይይዛል፣ ፓምፑ ጉርር ብሎ ይጠፋል። «አውት» በማለት ፋንታ «ሃይ» በለው። ላይብረሪው ይቀበለዋል፤ ፒኑ ገና ሲከፈት 1 ሆኖ ይከፈታል። አክቲቭሎው የሚል አማራጭም አለ፣ ሎጂኩን ገልብጦ ይሰጥሃል። ሁለቱን ግን አትቀላቅል፤ ከሁለት ወር በኋላ የራስህን ኮድ ስታነብ 1 የቱ እንደሆነ ይጠፋብሃል። እኔ የምመርጠው «ሃይ» ብሎ ከፍቶ፣ አብራ እና አጥፋ የሚሉ ሁለት ፈንክሽኖች ጽፎ፣ 0 እና 1ን እነሱ ውስጥ ደብቆ መገላገል ነው።

ያም ሆኖ ፓዩ ሲነሳና ኖድ ሲጀምር መካከል ያለው ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ፒኑ ማንም አላዘዘውም፣ እንደ ቦርዱ አሠራር ሪሌዩ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። መብራት በሚሄድና በሚመጣበት ቤት ይሄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሆን አንተ ታውቀዋለህ። መድኃኒቱ ኮንፊግ ዶት ቲኤክስቲ ውስጥ አንድ መስመር ነው፦ «ጂፒአይኦ=20,21,26=ኦፒ,ዲኤች»። ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት ፈርምዌሩ አንብቦ ፒኖቹን ከፍ ያደርጋቸዋል። ፋይሉ ድሮ ቡት ፎልደር ውስጥ ነበር፤ አዲሱ ኦኤስ ላይ /ቡት/ፈርምዌር ውስጥ ነው ያለው። በድሮው ቦታ ያለውን ከፍተህ ብትጽፍ ምንም አይለወጥም፣ ስለዚህ ቦታውን እይ።

ሁለተኛው፣ ተንሳፋፊው። ስዊቹ ሲዘጋ ፒን 17ን ከግራውንድ ጋር ያገናኘዋል፣ ሲከፈት ግን ፒኑን የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል፤ ወደ 1 የሚስበው ከሌለ ንባቡ አይታመንም። የሲስ መንገድ የውስጥ ፑል አፕ (ፒኑን ወደ 1 የሚስብ ሬዚስተር) ማብራት አይችልም፣ ኦንኦፍም ስለዚህ አይችልም። ድሮ ይሠራ ከነበረ ወይ ውጪ ሬዚስተር አለህ ወይም አሮጌው ካርድ ላይ አንድ መስመር ጽፈህ ነበር። ሬዚስተር ከሌለህ «ጂፒአይኦ=17=አይፒ,ፒዩ» የሚለውን እዚያው ኮንፊግ ላይ ጨምር። ገመዱ ከጣሪያ እስከ ታች ረጅም ከሆነ የውስጡ ፑል አፕ ደካማ ስለሆነ ከፒኑ ወደ 3.3 ቮልት 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማድረግ ይሻላል። ወደ 5 ቮልት እንዳታገናኘው፣ የፓዩ ፒኖች 5 ቮልት አይችሉም፣ ያኔ በእውነት የተቃጠለ ነገር ይኖርሃል። ኮዱ ውስጥም ዲባውንስታይምአውት የሚለውን አማራጭ ሰጥተህ ትንሽ ጠብቆ እንዲያነብ አድርገው፤ ውሃው ሲናወጥ ስዊቹም ይናወጣል።

ኮዱን እየከፈትክ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮግራሙ ፓምፑን አስነስቶ እያለ ቢሞት በዚህ የሲስ መንገድ ፒኑ በነበረበት ይቆያል። ፓምፑ አይጠፋም። ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፣ ወይም ከታች ውሃ ካለቀ ፓምፑ ደርቆ ይሠራና ይቃጠላል። በሲስተምዲ (ፕሮግራሞችን በሚያስነሳውና በሚጠብቀው የሊኑክስ ክፍል) አስነሳው፣ ሪስታርት ኦልዌይስ በለው፤ ሲሞት ወዲያው ይነሳል፣ ሲነሳም «ሃይ» ብሎ ስለሚከፍት ፓምፑን ያጠፋዋል። በዚያ ላይ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር የጊዜ ገደብ አድርግ። ሮቶው ለመሙላት ብዙ ቢፈጅ አርባ ደቂቃ ከሆነ ከሃምሳ በኋላ ተንሳፋፊው ምንም ቢል ያጥፋ። የፓምፑ መስመር ደግሞ ሪሌዩ ላይ ኮም እና ኤንኦ ከሚሉት ጋር መሆኑን አረጋግጥ። ኤንሲ ላይ ከሆነ ፓዩ ሲጠፋ ፓምፑ ይነሳል፣ ያ ደግሞ የጠላት ሥራ ነው።

ፓምፑ በቀጥታ ሪሌዩ ላይ ነው ወይስ በኮንታክተር (ለሞተር በተሠራ ትልቅ ሪሌይ)? አልጻፍከውም። ሪሌዩ ላይ 10 አምፒር፣ 250 ቮልት ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። አንድ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በ220 ቮልት ሲሠራ 5 አምፒር አካባቢ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ የሚበቃ ይመስላል። ሲነሳ ግን ለአፍታ የዚያን አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። ትንሿ ሪሌይ ያንን በየቀኑ አትችልም፣ አንድ ቀን ጥርሶቿ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ያኔ ፒኑ 1 ይሁን 0 ፓምፑ አይሰማህም። ኮንታክተር አስገባ፣ ሪሌዩ የኮንታክተሩን ኮይል ብቻ ያዝዝ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተህ አሠራው፣ ይሄ የኖድ ሥራ አይደለም።

የመጨረሻው ፓወር ነው፣ ባጭሩ። እያንዳንዱ ሪሌይ ሲይዝ 70 ሚሊ አምፒር አካባቢ ይወስዳል፣ ሦስቱ ከ200 በላይ ናቸው። በስልክ ቻርጀር የምታስነሳው ከሆነ ሪሌዩ ቀጭ ሲል ፓዩ ራሱ ሊንገዳገድ ይችላል፣ ካርድ ማበላሸትም እንዲሁ ነው የሚጀምረው። «ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት_ትሮትልድ» በል። ዜሮ ኤክስ ዜሮ ካለህ ጤና ነው። ዜሮ ኤክስ 50005 ካለህ ቮልቴጁ አሁንም ዝቅ ብሏል፤ 50000 ካለህ ደግሞ አሁን ደህና ነው፣ ከተነሳ ወዲህ ግን ወርዶ ነበር። ፓይ 4 የሚፈልገው 5.1 ቮልት፣ 3 አምፒር ነው።

ሞክረውና ጻፍልኝ። ካልሠራ የዲበግ ጂፒአይኦውን ውጤት ሙሉውን፣ ኖድ ያተመውን ስህተት ከነኤርኖው፣ እና ቅድም በእጅ ስታዘው ሪሌዩ ቀጭ ማለት አለማለቱን ለጥፍ። ስክሪን ሾት ሳይሆን ጽሑፉን፣ እባክህ፤ በስልክ አጉልቼ ማንበብ ዓይኔን ጨረሰው።